ከድመቷ ቀጥሎ

ቤታችን ጠዋት መንገድ ከመጀመሩ በፊት ስም ይጠራል። «ኢዮስያስ፣ ቡላ፣ ሄርሜላ» ይልና ሦስታችንም ውስጥ መኖራችንን ሲያረጋግጥ በሩን ቆልፎ ይነሳል። ኢዮስያስ ባሌ ነው። ሄርሜላ እኔ ነኝ። ቡላ ድመቷ ናት። በፊደል ተራ ቢሆን እኔ እቀድም ነበር፤ በዕድሜም ቢሆን ከድመት አላንስም። መጀመሪያ ሰሞን ይህን ለባሌ ስነግረው «ማሽን እኮ ነው፣ ምን ያስቀናሻል?» አለኝና ድመቷን አንስቶ ጭኑ ላይ አስተኛት። እኔም አልቀናሁም አልኩት። ዋሽቼ ነው፤ አንጀቴ አርሮ ነበር።

እንዲህ ዓይነቱን ተሽከርካሪ ቤት ሰው ቀንድ አውጣ ይለዋል። ከተማ ውስጥ አንድ ቦታ የሚቆም ቤት መግዛት ለእኛ ዓይነቱ ጡረተኛ ሕልም ከሆነ ቆይቷል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ አውቶቡስ ተራ ማስታወቂያ ሳነብ ነው የኖርኩት፤ ኢዮስያስ የሕንፃ መስታወት ገጣሚ ነበር። አሁን አልጋችን ቀን ቀን ግድግዳ ውስጥ ይታጠፋል፣ ልብሳችን ከመቀመጫው ሥር ይቀመጣል፣ ቤቱም ራሱን እየነዳ ወደ ተመደበልን ቦታ ይወስደናል። አንድ ሰፈር ብዙ መቆም አይፈቀድም። ጎረቤት የሚባል ነገርም የለም፤ ትናንት ጨው የሰጠችኝ ሴት ዛሬ ጠዋት ስነሳ አዳማ ገብታለች። ስለዚህ ሰው ያለው አብሮት የሚጓዘው ብቻ ነው።

ትዳር በወረቀት መመስከሩ የቀረው እኛ ጎልማሶች ሳለን ነው። ለቤት ዕጣ ሲሉ በወረቀት ተፋትተው በአንድ አልጋ የሚያድሩ በዙ። በወረቀት ተጋብተው መንገድ ላይ ቢገናኙ የማይተዋወቁም በዙ። መጨረሻ ላይ ምስክርነቱ ለቤቶቹ ተሰጠ። ማን ማንን በምን ቃል እንደሚጠራ፣ ማን ማንን እንደሚያጎርስ፣ ማን ሲመጣ የማን ፊት እንደሚፈታ ቤቱ ያያል፣ ይሰማል፤ ከዚያ ማን ለማን ምን እንደሆነ ይጽፋል። ጣሪያው ጥግ ላይ አረንጓዴ መብራት አለች። ሰው ጆሮ ይላታል። ሲነቁ የምትበራ፣ ሲተኙም የምትበራ ስለሆነች ከጊዜ በኋላ ማንም ልብ አይላትም።

ቡላን ያመጣት ኢዮስያስ ነው። ቢሾፍቱ ቆመን ሳለ ከጎማው ሥር አገኛትና በሸሚዙ ጠቅልሎ ይዟት ገባ። ፈዛዛ ቀለም ስላላት ቡላ አላት። ከዚያን ቀን ጀምሮ የባሌ አፍ ሌላ ሆነ። ያ ሲናገር ቃል የሚቆጥብ ሰው «የኔ እመቤት፣ ነቃሽ?» ማለት ጀመረ። ወተቷን እፍ እፍ ብሎ ያበርድላታል። ከገዛ ሳህኑ ሥጋ ቆርሶ በጣቱ ያጎርሳታል። እኔን መቼ እንዳጎረሰኝ ሊታወሰኝ አልቻለም። ሻዬን አፍልቶ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጥና ይሄዳል፤ ሲፈልገኝ «ስሚ» ይለኛል። የገዛ ቤቴ ውስጥ ጣውንት መጣብኝ፤ ያውም ጭራ ያላት።

የሚገርመው ድመቷ ከመጣች ወዲህ የእኔና የባሌ ንግግር በዛ። ግን ሁሉም በእሷ በኩል ነው። እኔ «ቡላ፣ ሰውየው ዛሬም ካልሲውን አልጋው ላይ ጥሎታል፣ አየሽልኝ?» እላለሁ። እሱ ደግሞ ድመቷን እያሻሸ «ቡልዬ፣ መነጽራቸውን ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚረሱ ሰዎችም አሉ በይልኝ» ይላል። አግቦ ከእናቶቻችን የወረስነው ነውና አፋችን ላይ አይከብድም። ድመቷም መሃል ላይ ተቀምጣ አንዴ ወደ እኔ አንዴ ወደ እሱ ትዞራለች። ቤቱ ይህን ሁሉ ይሰማ ነበር።

ሰሜን ተራሮችን ማየት የተጋባን ሰሞን የተመኘነው ነገር ነው። መጀመሪያ ሥራ አልለቀቀንም፣ ቀጥሎ ልጅ መጣ፣ ልጁ አድጎ ሲሄድ ደግሞ ላይኛው አምባ በዕጣ ብቻ የሚገባበት ሆነ። ለአንድ ቀንድ አውጣ አንድ ጥንድ፣ ያውም በሕይወት ዘመን አንድ ጊዜ። ዘንድሮ ወጣልን። ያን ቀን ኢዮስያስ ድመቷን ከፍ አድርጎ «የኔ ዓለም፣ ዋልያ ልናይ ነው!» ብሎ ጨፈረ። እኔ ከኋላው ቆሜ ነበር። እኔም እኮ ዋልያ አላየሁም።

ደባርቅን አልፈን ሳንቃበር ስንደርስ መንገዱ ገደሉን ተጠግቶ መሄድ ጀመረ። ከታች ያለው ሸለቆ ጭጋግ ሞልቶታል፤ ጭጋጉ ገለጥ ሲል ደግሞ ሸንተረር ከሸንተረር ተደርቦ ዓይን እስኪያቅተው ይሄዳል። የአስታው ዛፍ ቅርንጫፍ ሁሉ ሽበት የመሰለ የዛፍ ፀጉር ተንጠልጥሎበታል። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ደረታቸውን ለፀሐይ ሰጥተው ሣር እየነጩ ይበላሉ፤ ቀንድ አውጣ ሲያልፍ ቀና ብለው አያዩም። እኔ ይህን ሁሉ ያየሁት በጎን መስኮት፣ አንገቴን አጣምሜ ነው። ከፊተኛው ትልቁ መስታወት ሥር ከኢዮስያስ ጎን ያለችው መቀመጫ አንዲት ናት። እሷ ላይ ቡላ ትራስ ተደርጎላት ተቀምጣለች።

«ያ ረጅሙ ጅብራ ይባላል፣ እመቤቴ» ይላታል ባሌ። «አንዴ አብቦ ይሞታል። ያሳዝናል፣ አይደል?»

ቡላ እጇን ትልሳለች።

ጨነቅ ከሚባለው ቦታ በላይ ያለው ኬላ ላይ ቆምን። የኬላዋ ሠራተኛ አርባ ዓመት ገደማ የሚሆናት ሴት ናት፤ ባንቻየሁ ትባላለች። ከእኛ በኋላ የተወለዱት ላይ የቅድመ አያቶች ስም እንደገና ፋሽን ሆኖ ነበር፤ አሁን ሄርሜላና ኢዮስያስ የሽማግሌ ስም ነው። ባንቻየሁ ወፍራም ካፖርቷን ደርባ መጣችና በእጇ የያዘችውን ሰሌዳ ወደ በራችን አስጠጋች። አነበበች። ደግማ አነበበች።

«አባባ፣ እርስዎና ባለቤትዎ ማለፍ ትችላላችሁ» አለች። «እማማ ግን እዚሁ ይወርዳሉ።»

«ባለቤቱ ማን ሆነና ነው እኔ የምወርደው?»

«ቡላ ይላል።»

«ቡላ እኮ ድመት ናት!»

«እሱንም ይላል፣ እማማ። ዓይነት፣ ድመት። ዝምድና፣ የትዳር አጋር።» አልሳቀችም። «እርስዎን ተሳፋሪ ነው የሚለው።»

ከኋላችን የተሰለፉት መስኮታቸውን ከፍተው ያዳምጣሉ። አንዱ ሲስቅ ሰማሁት። ደሜ ፈላ። ወደ ባሌ ዞርኩ፤ ድመቷን ደረቱ ላይ እንደለጠፈ አፉን ከፍቶ ቆሟል።

«ደስ አለህ?» አልኩት። «ይኸው፣ መንግሥት አወቀላችሁ! በሉ ተዳሩ!»

«እንዴ ሄርሚ፣ እኔ ምን አደረግሁ?»

ባንቻየሁ ጉሮሮዋን ጠረገች። «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና በእርስዎም በኩል ያው ነው። ቀኑን ሙሉ የሚያወሩት ለማን ነው፣ ሕልምዎን የሚነግሩት፣ አመመኝ የሚሉት ለማን ነው የሚለው ላይ ቡላ ነው የወጣው። አባባም ለእርስዎ ተሳፋሪ ናቸው።»

ያኔ የባሌ ፊት ተለወጠ። ድመቷን ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጣት። ካወቅሁት ዘመን አንስቶ እንዲህ ፊቱ ሲጠቁር አላየሁም፤ ደስ አለኝ ብል ሐሰት አይሆንም። ትንሽ ይቅመሳት ብዬ።

ባንቻየሁ ነገሩን አስረዳችን። ኬላ ላይ የተነበበ ነገር ይጸናል። ተሳፋሪ ተብሎ የጸናበት ሰው ከጉዞው መልስ ቤቱን ይለቃል፤ ቤቱ የተሰጠው ለጥንድ ነውና። ቤቱ በባሌ ስም ስለተመዘገበ ደግሞ ጥንዱ ባሌና ድመቷ ናቸው። እኔ በዚያ ቀዝቃዛ አየር ላይ ቆሜ በስተርጅና ቤት አልባ ልሆን መሆኑን ሰማሁ። ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

«አንድ መንገድ አለ» አለች ባንቻየሁ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ድመቷን እኔ ልያዛት። እናንተ ገብታችሁ በሩን ዝጉና እንደ ባልና ሚስት ተጫወቱ። ቤቱ እንደገና ያነብባችኋል። ካልሆነም የደባርቅ አውቶቡስ አለ፣ እማማን ይዞ ይወርዳል።»

ገባን። በሩ ተዘጋ። «ንባብ ጀምሯል» አለ ቤቱ፣ በዚያ ደግም ክፉም ባልሆነ ድምፁ።

ፊት ለፊት ተቀመጥን። ኢዮስያስ እጁን ጉልበቱ ላይ አደረገ። እኔ ነጠላዬን አስተካከልኩ። የውሃ ማሞቂያው ትስ ይላል። ሁለታችንም ሳናስበው ያንኑ ትራስ እያየን ነው፤ ድመቷ ብትኖርማ ስንት ነገር ባልን። «ቡላ፣ እንዲህ ያለ ጉድ ሰምተሽ ታውቂያለሽ?» ልል አፌ ላይ መጣና መለስኩት። ስንት ዘመን አብሬው ኖሬ ለዚህ ሰው ፊት ለፊት የምለው አንድ ቃል ማጣቴ አስፈራኝ።

«ሻይ ላፍላ?» አለ።

«አልፈልግም።»

በመስኮቱ ባንቻየሁ ድመቷን አቅፋ ስትመላለስ ትታየኛለች። ኢዮስያስም አንገቱን ሰገግ አድርጎ አየ። «ብርድ ይመታት ይሆን?» አለ።

ፈነዳሁ።

«እሷን ብርድ ይመታታል! እኔ ደረጃ ላይ ስቀመጥ ብርድ አልነበረም? እሷን እመቤቴ ትላለህ፣ እኔን ስሚ! የእሷን ወተት እፍ ትላለህ፣ የኔን ሻይ ወርውረህ ትሄዳለህ! በድመት ቀናሁ፣ ይኸው ልንገርህ፣ አርጅቼ በድመት ቀናሁ!»

«ወርውሬ?» ብድግ አለ። «ብርዱን ጥሼ ካንቺ ቀድሜ ተነስቼ የማፈላው ማን ሊጠጣው ነው? አንቺስ? ጀርባሽን ሰጥተሽኝ ሕልምሽን ለማን ነው የምትነግሪው? እናትሽን ያየሽበትን ሕልም እንኳ ለድመት! እኔ የተኛሁ መስዬ እሰማለሁ። ምናለ ወደ እኔ ዞራ ብትነግረኝ እያልኩ ስንቴ ተቃጠልኩ!»

«አንተ እንድትሰማው እኮ ነው! ድመት ሕልም ልትፈታልኝ ነው?»

«እኔስ ታዲያ!» ጮኸ። «ለድመት ነው ሹሩባሽ ያምራል የምላት? ድመት ሹሩባ ትሠራለች?»

ጎንደር አንድ ሴት ፀጉሬን ሹሩባ ሠርታኝ ስመለስ ቡላን አቅፎ «እመቤቴ፣ ሹሩባሽ እንዴት ያምራል» ሲል ሰምቼው ነበር። ሰውየው ጃጀ ብዬ ነበር ያለፍኩት።

«ለምን ፊት ለፊት አትለኝም?» አልኩት፣ ድምፄ ቀነስ ብሎ።

«አንድ ቀን የኔ ዓለም ብዬሽ ምን አልሽኝ? ምን ሰብረህ ነው አልሽኝ።»

እውነቱን ነው፤ ብያለሁ። ግን ደግሞ ያመንኩት እንዳይመስላችሁ። ባሌ ሲጨንቀው ብልህ ነው፤ አረንጓዴዋ ጆሮም ከላይ በርታ ነበር። ቤቱን ሊያሳምን ያወጣው ዘዴ ቢሆንስ? ለእኔ ተብሎ የተባለውን ሁሉ ወደ ኋላ ተመልሼ ላስታውስ ሞከርኩ። የትኛው ለእኔ፣ የትኛው ለድመቷ እንደነበር መለየት አቃተኝ። እነዚያን ቃላት ሁሉ ድመቷ እንደበላችብኝ አሰብኩና ባሰብኝ።

«ንባብ ተጠናቋል» አለ ቤቱ።

ባንቻየሁ ሰሌዳዋን አየችና ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። «ተሳፋሪ ተሳፋሪን እንዲህ አይጣላም፣ እማማ። ባለቤት፣ ሄርሜላ ብሏል።» ከዚያ ፈገግታዋን ሰበሰበች። «አሁን ትርፏ ቡላ ናት። ሦስተኛ ነዋሪ ወደ ላይ አይወጣም። እስክትመለሱ እኔ ጋ ትቆያለች።»

ይህን ሳልመኝ አልቀረሁም ነበር፤ ግን ሲሆን ሌላ ነው። ኢዮስያስ ድመቷን ከሴትየዋ እጅ ተቀብሎ ግንባሯን ሳማት፤ ጆሮዋ ላይ የሆነ ነገር ሹክ አላት። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። እኔ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ አሁንም ቀናሁ። ባለቤት ተብዬ ተጽፌ፣ ቤቴ ተመልሶልኝ፣ ጣውንቴን በኬላ ላይ አስቀርቼ እየሄድኩ፣ ያን ስሞሽ አየሁና ቀናሁ።

«ኢዮስያስ፣ ሄርሜላ» ብሎ ጠራ ቤቱ። ተነሳን።

ፊተኛዋ መቀመጫ ላይ ተቀመጥኩ። ትራሱ ላይ የቡላ ፀጉር አለ፤ አራግፌ ገለበጥኩት። መንገዱ ወደ ቡዋሂት ተራራ ይወጣል። የጓሳው ሣር በነፋስ ተኝቷል፣ ጅብራዎቹ በየሸንተረሩ ቆመዋል፣ ከበስተግራ ምድሩ በድንገት ያልቅና ከታች ሌላ አገር ይጀምራል። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም። አንድ ቃል ሳንነጋገር ብዙ ሄድን። አፌን ከከፈትኩ የሚመጣልኝ የድመቷ ስም እንደሆነ ስለማውቅ ዝም አልኩ። እሱም በዚያው ምክንያት ዝም ያለ ይመስለኛል።

ቤቱ ገደሉ አፋፍ ላይ ቆመ። «ከዚህ በላይ ግንኙነት የለም» አለ። «እስከ መመለሻችሁ ድረስ ንባብ ተቋርጧል።» ጣሪያው ጥግ ላይ ያለችው አረንጓዴ መብራት ጠፋች። ቢሾፍቱም፣ አዲስ አበባም፣ አልጋ ላይም ጠፍታ አይቻት አላውቅም። ኢዮስያስም ቀና ብሎ አያት፤ ትንሽ ቆይቶም ዳግመኛ ቀና ብሎ አያት። ከዚያ በሩን ከፍቶ ወረደ።

እኔ ጫማዬን ላጠልቅ ጎንበስ አልኩ። ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ አዘንብላለች፤ ብርሃኗ ከበሩ ፊት ባለው አለት ላይ ብቻ ቀርቷል። ኢዮስያስ አለቱ ላይ ተቀመጠ። ከታች ዋልያዎች ይሁኑ ድንጋዮች የማይለዩ ነገሮች ገደሉ ላይ ይታያሉ። ነፋሱ ጋብ ሲል ድምፁን ሰማሁት፤ ያንን ለቡላ ሲያወራ የማውቀውን ለስላሳ ድምፅ።

«ነይ እስቲ» አለ፣ «እዚህ ጋ ፀሐይ አለ።»

ልቤ ንድድ አለ። እንዴት አድርጎ ደብቆ አመጣት ብዬ በንዴት ከመቀመጫው ሥር ድመቷን ፈለግኋት፤ ጫማና አቧራ ብቻ ነው ያለው። ቀና ስል ኢዮስያስ አለቱ ላይ ጠጋ ብሎ፣ እጁን ዘርግቶ፣ የሚያየው እኔን ነበር።